ለወፍ የተበጠረ ስንዴ

እናቴ የዓይን ሞራዋ ከተገፈፈላት ወዲህ ወፍ ማየት ልማድ ሆነባት። ታቦር ሰፈር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለው ቤታችን፣ ወንበሯን በረንዳ ላይ ታስወጣና፣ ዘይቱኑ ላይ ካንጠለጠልኩላት ግማሽ ጀሪካን ስንዴ የሚለቅሙትን ስታይ ትውላለች። "ያቺ ቢጫዋ አንገቷ ስር ጥቁር አላት፤ ነይ እዪ እንጂ!" ትለኛለች። ብቅ ብዬ እመለሳለሁ። ድስት ተጥዷል፣ ልብስ ተዘፍዝፏል፣ ስልክ ይጮኻል፤ ወፍ የማይበት ልብ ከየት ይምጣ? ሐኪሙ "የታከመውን ዓይኗን አቧራ እንዳይነካው፣ እንዳታሸው፤ ሌላኛው ዓይን ከእንግዲህ አያይም፤ ያላት ይሄ ብቻ ነው" ካለኝ ጀምሮ እንቅልፌም ልክ አልነበረም።

ጦጣዎቹ ደግሞ አባሱት። በሐይቁ በኩል መጥተው በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ይንጋጋሉ፤ ጀሪካኑን ሲገለብጡት እናቴ ልታባርር ትነሳለች። ብትወድቅስ? በሽቦ አሰርኩት፤ ፈቱት። ግንዱን ዘይት ቀባሁት፤ በጣሪያ ወረዱ። ድንጋይ ስወረውር አንዷ ልጇን እንዳቀፈች ቁጭ ብላ ታየኛለች። በገንኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ጠዋት ባልዲ ውስጥ በማስቀምጠው የወፎቹ ስንዴ ላይ ሁለት ማንኪያ ሚጥሚጣ ነሰነስኩና አማሰልኩት። ወፍን አያቃጥላትም ሲባል ሰምቼ ነበር። ለእናቴ ሳልነግራት ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ።

ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ተቀምጣ እህል የሸጠች ሴት ናት። ሳይበጠር ከእጇ የሚወጣ እህል የለም፤ ለወፍም ቢሆን። ይህን እያወቅኩ ረሳሁት።

ስመለስ ሰፌዱ እግሯ ስር ተደፍቷል፣ ስንዴው ተበትኗል፣ ሁለት እጇ ፊቷ ላይ ነው። እንደ ልማዷ አበጥራ፣ ገለባውን እፍ ብላበት ነበር።

"እሳት! ልጄ፣ እሳት ገባብኝ!"

እጇን ይዤ ውሃ አፈሰስኩባት፤ ልብሷ እስኪረጥብ አፈሰስኩ። ባጃጅ ውስጥ ዓይኗን እንደጨፈነች "ምንድን ነው ያለበት?" አለችኝ።

"ሚጥሚጣ። እኔ ነኝ ለጦጣዎቹ ብዬ የጨመርኩት።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ። "ጠጠር ያለበት እህል ለፍጡር አይሰጥም ብዬ እኮ ነው" አለች፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል። ያኔ አለቀስኩ። ሹፌሩን ፍጠን እያልኩ ጮህኩበት፤ ምስኪኑ ሰው ከዚያ በላይ ሊፈጥን አይችልም ነበር።

ክሊኒኩ ዓይኗን አጥቦ፣ ጠብታ አድርጎ ሸፈነው። ነገ ሲገለጥ ይታያል አሉን። ሌሊቱ እንዴት እንደነጋ አላውቅም።

በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሳ ፊት ለፊቷ ቆምኩ። ዓይኗ ደም መስሏል። ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንባዋን ሐኪሙ ጠረገላት።

"እማ፣ እታይሻለሁ?"

ክንዴን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችኝና ግንባሬ ላይ ያለውን ፀጉር በጣቷ ነካች።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?" አለችኝ።

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ነበርን፤ እኔ ግን ብቅ ብዬ ከመመለስ በቀር አንድም ቀን አጠገቧ አልተቀመጥኩም።