ያልተቆረጠው ቅጂ

የብረቱ በር ሲከፈት መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነበር። ሽታው ከዚያ በኋላ መጣ፤ የላብ፣ የእርጥብ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ። ሁሉም ባዶ እግራቸውን ናቸው። የእኔንም ጫማ ከቀበቶዬ ጋር በር ላይ ተቀብለውኛል። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ቆምኩ።

ካምፓላ ከተማ፣ ካምዎክያ ሰፈር ካለችው የስልክ ጥገና ሱቃችን ፖሊሶች ሲወስዱኝ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። የአንድ ደንበኛ ስልክ ጀርባው እንደተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ብሎኖቹን ጠርሙስ ክዳን ውስጥ አድርጌያቸው ነበር። መኪናው ውስጥ ሆኜ የማስበው ስለ እነዚያ ብሎኖች ነው። አንድ ሰው ክዳኑን ቢነካው ይበተናሉ እያልኩ።

ሱቃችን የምለው የወንድሜና የእኔ ስለሆነች ነው። ወንድሜ ከሞተ ያኔ ሁለት ወር አልሞላውም። ወባ ነው፣ ይለቀዋል ብለን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ስንደርስ ዘግይታችኋል አሉን። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እዚህ ሀገር ያመጣኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያስጨረሰኝ፣ ስልክ መፍታት ያስተማረኝ እሱ ነው።

እሑድ እሑድ ሱቋን ዘግተን ኢንተርኔት ላይ የምናወጣው ፕሮግራም እንቀዳ ነበር። በአማርኛ ነው፤ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሚዲያ፣ ስለ ሳምንቱ ዜና። ቦዳ የሚባሉት የታክሲ ሞተሮች ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ፍራሽ እናስደግፋለን። እኔ ጥያቄ ጽፌ አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል። እኔ ስናገር ቃል ይጠፋኛል። ቆሜ እፈልገዋለሁ። እሱ በኋላ ቁጭ ብሎ ዝምታዬን ሁሉ እየቆረጠ ያወጣልኛል። ስለዚህ የሚሰሙን ሰዎች እኔን የሚያውቁኝ እንደ ፈጣን ተናጋሪ ነው። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «የማይስማማ ካለ፣ እዚህ ነኝ» ይላል። የምሩን ነበር። አስተያየት ለጻፈ ሁሉ ይመልሳል፣ ለተሳደበም ጭምር።

ያሳሰረኝ የመጨረሻው ቅጂያችን ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ነበር። አንድ ባለሥልጣን የውጭ ሰዎች ሱቆች በሙሉ ሊዘጉ ነው ሲሉ ያሳያል። በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ሰውየው እንዲህ አላሉም። ወንድሜ ይህንን በግልጽ ተናገረ። ቀጥሎ ግን ለምን ሁላችንም ወዲያው እንዳመንነው ተነጋገርን። «የሚመለከታቸው ሰዎች ስለ እኛ ምን እንዳሰቡ ነግረውን አያውቁም፤ እነሱ ዝም ካሉን ማንም የፈለገውን ይነግረናል» አለ። በዚያው ሳምንት ታመመ። እኔ ቅጂውን ያወጣሁት ከዐርባው በኋላ ነው። የሚቆርጥ ስላልነበረ ሳይቆረጥ አወጣሁት። መሞቱንም ለሰሚዎች አልተናገርኩም። እንዴት እንደሚባል አላወቅኩም።

ከዚያ አንድ የማላውቀው ሰው አርባ ሰከንድ ቆርጦ አዛመተው። ቪዲዮው የውሸት ነው የሚለው ቦታ የለበትም። ባለሥልጣኖቹን የሚወቅሰው ቦታ ግን አለ። የሐሰት ወሬ በመንዛት ትፈለጋለህ አሉኝ።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። የክፍሉ አለቃ ሰፊ ትከሻ ያለው የቦዳ ነጂ ነበር። የእስረኞቹ ደንብ እንዲህ ነው፦ ስልክ የለም፣ ሬዲዮ የለም፤ ጋዜጣቸው አዲስ የሚገባው ሰው ነው። ዜና ሳትነግራቸው የምትቀመጥበት ቦታ አይሰጡህም።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ቁምና ንገረን። ኳስ፣ ነዳጅ፣ ፖለቲካ። በዚህ ቅደም ተከተል።»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ዝም በል አለው። ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ በአማርኛ መጣ።

«በቋንቋችን ተናገር አንተ ልጅ፤ እኔ እተረጉምልሃለሁ።»

ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ የወሎ ሰው ናቸው። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ካምፓላ ከእኔ ዕድሜ በላይ ኖረዋል። የታሰሩት በሱቃቸው ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ከእግረኛ መንገዱ ላይ አንሣ ሲሏቸው ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ክርክሩን ያሸነፍኩ ይመስለኛል አሉኝ በኋላ፣ እዚያው እስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጠው።

ነዳጅ ጨምሯል አልኩ። እሳቸው በሀገሬው ቋንቋ፣ በሉጋንዳ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ሰዉ መጯጯህ ጀመረ።

«ምን አሏቸው፣ ጋሼ?»

«ነዳጅ ጨምሯል ይላል አልኳቸው። ምክንያቱን ግን አያውቀውም፣ እኔ ልንገራችሁ አልኩ።»

እንደዚያ ቀጠለ። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ እሳቸው ተርጉመው ይቃወሙታል፣ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ስልክ ጠጋኝ መሆኔን ሲሰሙ ደግሞ አንዱ ስልክ የሰውን ወሬ ያዳምጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጫማ ባወራ ጫማ ያመጣብኛል አለ። አለቃው አሰበ፣ አሰበና «እንግዲያው የእኔ ስልክ የሠራሁትን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው» አለ። «አሁን ያለው ከፖሊሶቹ ጋር ነው።» ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከወንድሜ ሞት በኋላ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ደነገጥኩ። ግን አልቆመልኝም።

ቦታ ሰጡኝ። ሽማግሌው ምን አድርገህ ገባህ አሉኝ። ስለ ፕሮግራሙ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«የእሑዱ ፕሮግራም? አንተ ጥያቄ አንባቢው ነህ?»

«አዎ።»

«ዋሸህ። ያ ልጅ ፈጣን ነው። አንተ ስምህን ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጀህ።»

«ወንድሜ ነው… ዝምታውን የሚቆርጠው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተቃወሙኝ ያኔ ነው። ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ወንድምህስ የታለ? እሱን አልያዙትም? ሦስት ጊዜ ጽፌለት አልመለሰልኝም። ኮርቷል። አልስማማም እኮ ነኝ።»

አልስማማም የሚል ስም ይዞ የሚጽፍ ሰው ነበረን። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ «ተሳስተሃል ወንድሜ» ብሎ ይጀምራል። ወንድሜ አስተያየቱን ጮክ ብሎ እያነበበ ይስቅ ነበር። እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ይህ ሰው ብቻ ነው ይል ነበር። እኩያችን መስሎን ወንድሜ አንተ እያለ ነበር የሚመልስላቸው። ሦስቱንም አስተያየቶች አይቻቸዋለሁ። የመጨረሻው «ለምን ዝም አልክ? ፈራህ?» ይላል። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ብዙ ጊዜ አነበብኩት፤ መልስ መጻፍ አልቻልኩም።

ነገርኳቸው። በስንት ቃል እንደነገርኳቸው አላስታውስም፤ ጥቂት ነው።

ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ፊታቸውን አበሱ። «ነፍስ ይማር» አሉኝ። «እኔ ከሞተ ሰው ጋር ስጣላ ከረምኩ።» አለቃው ምን ተፈጠረ ብሎ ጠየቀ። በሉጋንዳ ነገሩት። አጭር ነበር። ያን ጊዜ ከራሳቸው ምንም አልጨመሩበትም። አለቃው ከፕላስቲክ ጆግ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ።

ከምሳ በኋላ ጠሩኝ። ምሳው ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ባቄላ ነበር። መርማሪዋ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት መኮንን ናት፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ስልኬና አንድ የታተመ ወረቀት አሉ። ወረቀቱ ተናጋሪው ሟች ወንድሜ ነው፣ እኔ በቃሉ አልስማማም፣ ቅጂዎቹን በሙሉ አሁን አጠፋለሁ ይላል።

«ፈርምና ዛሬ ቤትህ ግባ» አለችኝ። «ወንድምህን ከእንግዲህ ማንም አያስረውም። ማን ይጎዳል?»

በክፋት አልነበረም። ልትረዳኝ ነው ያሰበችው። እስክሪብቶውን ያዝኩ። የሁለት ዓመት ያልተቆረጠ ድምፁ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ደንበኛን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ እያልኩ እመክራለሁ። የራሴን አላደረግኩም።

«ማዳም» አልኩ፣ «ሙሉውን… ሰምታችሁታል?»

«አርባ ሰከንዱን ተርጉመውልን ሰምተናል።»

«ሃምሳ ደቂቃ ነው።»

«አስተርጓሚ እስኪመጣ ሦስት ቀን ነው።»

«ክፍላችን ውስጥ አንድ አለ» አልኩ።

ሽማግሌውን አመጧቸው። ቆባቸውን አስተካክለው እንደ ሚኒስትር ተቀመጡ። እኔ ስልኩን ከፈትኩ። የወንድሜ ድምፅ ወጣ። ከቀበርነው ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳል ነበረበት፤ በሽታው እንደጀመረው ያኔ አላስተዋልኩም። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ሽማግሌው በእንግሊዝኛ መተርጎም ጀመሩ። አንድ አምስት ደቂቃ ያህል በደንብ ሄዱ። ከዚያ «እዚህ ላይ ተሳስቷል» አሉ።

«ማን? እሱ ነው እንዲህ ያለው?» አለች መኮንኗ።

«አይ፣ እኔ ነኝ።»

«እየተረጎሙ ነው ወይስ እየተከራከሩ?»

«ሁለቱንም፣ ማዳም። ይህ ልጅ ካልተከራከሩት አይገባም።»

ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ጥያቄዬ የነበረበት ቦታ ላይ ደርሰናል። መኮንኗ ተበላሸ ወይ ብላ አየችኝ።

«አልተበላሸም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ቃል ጠፍቶኝ ነው።»

ሦስታችንም ጠበቅን። እንደዚያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። በሩቅ የቦዳ ጥሩምባ ይሰማል። ከዚያ የወንድሜ ድምፅ ቀስ ብሎ «ቀጥል፤ ጊዜ አለን» አለ። ሽማግሌው ተረጎሙት። ቀጥሎ የእኔ ድምፅ መጣ፦ ውሸት ከሆነ፣ ለምን ሁላችንም ወዲያው አመንነው?

መኮንኗ መነጽሯን አደረገች። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ቪዲዮው የውሸት ነው የሚለውን፣ ደግማ አስተረጎመችው። ጻፈችው። እህቴ በየቀኑ እንዲህ ያለ ነገር ትልክልኛለች አለች፤ ውሸት ነው ስላት አንቺ ፖሊስ ስለሆንሽ ነው ትለኛለች። በኮምፒውተር የተሠራ ቪዲዮ ሁሉ ምልክት ሊደረግበት ይገባል አለች። ሽማግሌው አልተስማሙም። ምልክቱንም አስመስለው ይሠሩታል አሉ። እኔ ስለ ስልኮች የማውቀውን ጨመርኩ። ሻይ መጣ። ምርመራ ላይ መሆናችንን ለትንሽ ጊዜ ሦስታችንም የረሳን ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱን መልሳ ገፋችልኝ። «ይህ ሁሉ መልካም ነው» አለች፣ «አለቆቼ ግን ፊርማ ነው የሚፈልጉት።»

የታተመውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመርኩ። ቃላቱ ቶሎ አልመጡም። ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ሽማግሌው ሊረዱኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። መኮንኗም አላቻኮለችኝም። የጻፍኩት ይህን ነው፦ ድምፁ የወንድሜ ነው። ጥያቄው የእኔ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ። አላጠፋውም።

አነበበችው። «እንዲህ ከሆነ ዛሬ አትወጣም።»

«አውቃለሁ» አልኩ። ይህችን ሳልቆም ነው የተናገርኳት።

ክፍሉ ስንመለስ አለቃው «ዜና!» አለ። ሽማግሌው ቆመው ነገሩት፤ ጽሑፌን ከጻፍኩት በላይ አስረዘሙት መሰለኝ፣ ምክንያቱም ሰዉ አጨበጨበ። ከመስኮቱ ሥር ለሁለታችን ቦታ ለቀቁልን። እዚያ አምስት ቀን ቆየሁ። በየቀኑ ከፖሾው በፊት ፕሮግራም ነበረን፤ ጠያቂው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በዋስ ወጣሁ። ሦስት ወር በየሰኞው እየሄድኩ ፈረምኩ፤ አንድ ሰኞ ፋይሉ ተዘግቷል፣ አትምጣ አሉኝ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ስልኬን ፖስታ ውስጥ አድርገው መለሱልኝ፤ ቅጂዎቹ ሁሉ ነበሩ። በዚያው ቀን ሦስት ቦታ ገለበጥኳቸው።

የወንድሜን መሞት ያን ሳምንት ለሰሚዎቹ ነገርኩ። ከዚያ የመጨረሻው ቅጂ ሥር ገብቼ፣ ለምን ዝም አልክ፣ ፈራህ ለሚለው መልስ ጻፍኩ። «አልፈራም። እሑድ ሱቅ ይምጡ፤ ክርክሩ አላለቀም።» ሽማግሌው እሳቸውም ተፈትተው ነበር፤ ወዲያው መለሱ። «በቀኑ አልስማማም፤ ቅዳሜ ይሻላል።»

እሑድ ግን መጡ። ሰሌዳቸው አሁንም መንገዱ ላይ ነው። የወንድሜ ወንበር ላይ ይቀመጡ ብላቸው እምቢ ብለው ከሱቃቸው የራሳቸውን በርጩማ አስመጡ። ይኸው እስከ ዛሬ ሮሌክሳችንን፣ በቂጣ የተጠቀለለውን እንቁላል፣ በልተን፣ ፍራሹን አስደግፈን እንቀዳለን። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይቃወማሉ። ዝምታዬን መቁረጥ ትቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰሚ ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ ብሎ ጻፈ።

አሁንም ቃል ይጠፋኛል። እቆማለሁ፣ እፈልገዋለሁ። ሽማግሌው ለማንም ዝም ብለው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። ጊዜ አለን።