ሁለት ራስ ያለው ገመድ

የልጅ ልጄ ሞተር ካልዘመረ እንቁላል አያገኝም። የምትነዳው እሷ ናት፣ ግማሹ ግን የእኔ ነው፤ የኮረሪማዬ ዋጋ ገብቶበታል። ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ከሚኖሩ ሴቶች እንቁላል እየሰበሰበች ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቤቶቹ ከመንገዱ አይታዩም፤ ከቡናውና ከእንሰቱ በታች ተሸሽገዋል። ክላክስ ብትነፋ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ ክላክስ የሌለው ሞተር የለም። ስለዚህ መሪው ላይ ባሰረችው ቴፕ አንድ መዝሙር ትከፍታለች፤ ሁልጊዜ ያንኑ፣ በቤንችኛ የተዘመረውን። ሴቶቹ ሲሰሙት «መጣች» ብለው ዘንቢላቸውን ይዘው ይወጣሉ። እሷም እንቁላሉን የቡና ገለፈት በሞላው ሣጥን ውስጥ ደርድራ ትመለሳለች።

አንድ እሑድ የመዝሙሩ ባለቤት እኛ ቤተ ክርስቲያን መጥታ ዘመረች። ስትጨርስ ማይኩን ሳታስቀምጥ፣ «መዝሙሬን በየሞተሩ ላይ እሰማዋለሁ፤ የገዙኝ ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። በስልክ ይሸጣል፣ እባካችሁ ግዙኝ» አለች። ከሁሉም ቀድሜ «አሜን!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወጥተን ሞተሩ ላይ ከልጅ ልጄ ኋላ ስቀመጥ ቴፑን ከፈተችው። ያው መዝሙር ነው።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ፍላሽ ላይ አስጭኜው ነዋ፣ እማዬ። ሁሉም የሚያስጭንበት ሱቅ።»

«ገዝተሽዋል ወይ?»

«ለሚጭነው ሰውዬ ከፍያለሁ።»

«ሰውዬው ነው የዘመረው?»

ቴፑን አጠፋችው። «በዚህ ሞተር ላይ ያልተገዛ መዝሙር አይከፈትም» አልኳት። እዚያው ቆማ በስልኳ ገዛችው። ስልኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይዘምራል። በቃ አለቀ ብዬ ነበር።

አላለቀም። ከስልኩ ወደ ፍላሽ ገልብጣ ቴፑ ላይ ስትሰካው ቴፑ የመዝሙሩን ስም ያሳያል፣ ድምፅ ግን የለም። ወደዚያው ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ኮምፒውተሩን ሲነካካ ቆየና «ተቆልፏል፣ እማማ» አለኝ። «የተገዛው እዚያው ስልኩ ውስጥ ካልሆነ አይዘምርም። ቴፑ ደግሞ ብሉቱዙ ዝናብ ገብቶበት ሞቷል።»

«የገዛነው ተቆልፎ፣ ያልተገዛው ክፍት ነው?»

«እንደዚያ ነው። ግን እኮ ገዝታችኋል፤ አሁን እኔ ጋ ያለውን ብጭንልዎ ምን ነውር አለው?»

አሰብኩበት። እውነትም ይመስላል። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፣ ቢሆንም ነገር ማገላበጥ አያቅተኝም። «እኔ ካንተ ከወሰድኩ» አልኩት፣ «ነገ ሌላዋ ስትመጣ፣ እኚያ እማማም እኔ ጋ ነው ያስጫኑት ብለህ ትሰጣታለህ። አልፈልግም።» ሰውየው ሳቀ። የልጅ ልጄ አልሳቀችም።

በዚያ ሳምንት ሞተራችን ዝም ብሎ ወጣ፣ ዝም ብሎ ተመለሰ። ሌላ የተገዛ መዝሙር አልነበረንም፤ ቢኖርም ሴቶቹ የሚያውቁት ያንን ነው። ይባስ ብሎ አንድ ቀይ ሞተር ያለው ነጋዴ በዚያው መንገድ እንቁላል መሰብሰብ ጀመረ። የእሱ ድምፅ ማጉያ ትልቅ ነው፤ የሚከፍተው ደግሞ ያንኑ የእኛን መዝሙር። ሴቶቹ «መጣች» ብለው ሲወጡ እሱን ያገኛሉ። አንዴ ከወጡ እንቁላሉን ይዘው አይመለሱም፣ ይሸጡለታል።

የልጅ ልጄ ግማሽ ሣጥን ይዛ ገባች። ቁጭ ብላ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ሁለቱ ምግብ ቤቶች በሚቀጥለው ገበያ ካልሞላልሽ ሌላ ሰው እንይዛለን ብለውኛል» አለችኝ። ቀጥላም «የዘማሪዋን ድካም አስከበርሽ እማዬ፤ የእኔስ ድካም?» አለች።

ይቺ ቃል ወጋችኝ። ትክክል ነበረች። ፍርዱን የሰጠሁት እኔ፣ የምትቀጣው እሷ። ቢሆንም ቃሌን አላጠፍኩም፤ ሌላ መንገድ መፈለግ ግን የእኔ ሥራ ሆነ።

በማግስቱ ቴፑን ከሞተሩ አስፈታሁና ጭኔ ላይ አድርጌ አገላበጥኩት። ከፍላሽ መሰኪያው ጎን ትንሽ የላስቲክ ክዳን አለች። በጥፍሬ ከፈትኳት። ክብ ቀዳዳ። ይቺን ቀዳዳ አውቃታለሁ! ከአልጋዬ ሥር የካሴት ሣጥኔን ጎትቼ አወጣሁ፤ ከታች፣ ሁለት ራስ ያለው ጥቁር ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አንዱን ራስ ስልኩ ላይ፣ ማዳመጫ በሚሰካበት፣ ሌላውን ቴፑ ላይ ሰካሁት። ልጅቷን ጠርቼ «ክፈቺው» አልኳት። ቤቱ በመዝሙር ተሞላ። ቁልፉ ሳይሰበር፣ መዝሙሩ ሳይሰረቅ፣ ስልኩ ውስጥ እንዳለ።

አቅፋ ሳመችኝ። ወዲያው ግን ገመዱን አየችው። «እማዬ፣ ይሄ ምን ይሠራልሽ ነበር?»

ለሬዲዮ ነው ብላት ታምነኝ ነበር። «ካሴት እቀዳበት ነበር» አልኳት። «ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በዚህ ታገናኛቸዋለሽ። አንዱ ይዘምራል፣ ሌላው ይቀዳል።»

«ከገዛሽው ካሴት?»

«ከጎረቤት ካሴት።»

ሣጥኑን ወደ ራሷ ሳበችው። በእጄ ጽሑፍ ስም የተጻፈባቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ አየች። «ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ። ለቤተ ክርስቲያን እህቶችም ቀድቼ ሰጥቻለሁ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔን ባለ ፍላሿን ስታፋጥጪኝ!»

«ሳቂ» አልኳት። «ያኔ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ እዚህ አልነበረም።»

«አሁንስ ስልክ ውስጥ ይሸጥ የለም እንዴ?»

ካሴቶቹን ወደ ሣጥኑ መለስኩ። እኔን መርታት ቀላል አይደለም።

በገበያው ቀን አብሬያት ወጣሁ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ስልኩን ከዝናብ በፕላስቲክ ጠቅልለን ከቴፑ አጠገብ አሰርነው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ቀዩ ሞተር ቆሟል፤ ያንኑ መዝሙር ያስጮኻል። የእኛም ተጨመረና ሁለት መዝሙር ተጋጨ። ዘንቢል የያዙ ሴቶች ከቡናው ወጥተው ወዲያና ወዲህ ያያሉ።

አንዷ የልጅ ልጄን ስታይ «ውይ! የት ጠፍተሽ ነው?» አለቻት። «እኛ እኮ አንቺ መስለሽን ነው ለዚህ የምንሰጠው። ትንንሹን እንቁላል እየመረጠ ይመልስብናል።»

«ይሄን መዝሙር ገዝተኸዋል?» አልኩት ነጋዴውን። ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ መዝሙር የሁሉም ነው።»

«የዘመረችው ሴት እንደዚያ አላለችም» አልኩት። «ልጅቷ ገዝታዋለች። አንተም ግዛና ክፈት፤ የተገዛው በቴፕህ እምቢ ካለህ ወደ እኔ ና፣ እንዴት እንደሚዘምር አሳይሃለሁ። ሴቶቹም አንተ መሆንህን አውቀው ከወደዱ ይሽጡልህ።»

«አንተን ማን ይጠላል፣ መዝሙርህን ቀይር እንጂ!» አለች ባለ ዘንቢሏ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እሱም ሳይወድ ሳቀና የማጉያውን ድምፅ ቀነሰ። ሸዋ ቤንች ሳንደርስ ሣጥናችን ሞላ። ምግብ ቤቶቹ ሌላ ሰው አልያዙም።

ስንመለስ የልጅ ልጄ የካሴት ሣጥኔን ዘጋችና ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው። «በዚህ ቤትም ያልተገዛ አይከፈትም» አለችኝ። ፍርዱ የእኔው ስለሆነ አልተከራከርኩም። በስልክ የሚሸጡትን እየፈለገች አንድ በአንድ እንገዛለን፤ መዝሙሮቹ የተገዙለት ካሴት ከሣጥኑ ይወጣል። በጣም የምወደው ካሴት ግን በስልክ ሲሸጥ እስካሁን አልተገኘም። እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ አልከፈትኩትም።