ከቀሃ የወጣው ቆዳ

ጠላ ጠማቂ ጎረቤት ያለው ሰው ወንዝ እንዳያቆሽሽ። እኔና ባሌ ይህን ያወቅነው ከረፈደ ነው።

ጣሊያን ወጥቶ አገሩ ትንፋሹን በሚሰበስብበት ዘመን፣ ከቁስቋም ቁልቁል፣ ቀሃ ወንዝ አጠገብ ጎጆ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባሌ ብራና ዳማጭ ነው። የፍየል ቆዳ ወንዝ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በእንጨት ወጥሮ፣ ፍቆ ለጸሐፊዎች ያቀርባል። መጽሐፉ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ይሳለመዋል፤ ቆዳው ሲዘፈዘፍ ግን አፍንጫውን ይይዛል። ከሁሉ የባሱት ከበታችን ውኃ የሚቀዱት፣ ጠላ ሸጠው የሚኖሩት እትዬ ነበሩ። «ጠላዬ ፍየል ፍየል ሸተተ፤ ጠጪው ሸሸ» እያሉ መንደሩን አዳረሱት። ፋቂዎች ብለውም ሰደቡን። የእኔም አፍ ቢሆን ስለት ነበርና አንቱታዬን ጥዬ፣ «ድሮስ ጠላሽን ማን ጠጥቶት» አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ ውኃው ሲጎድል የወንዙ ጉድ ወጣ። ጣሊያን የጣለው ቆርቆሮ፣ የማኪና ጎማ፣ የከብት አጥንት፣ በዚያ ላይ የባሌ ቆዳዎች። ጥምቀት ደርሷል፤ ጥምቀተ ባሕሩ የሚሞላው ደግሞ ከዚሁ ከቀሃ ነው። የደብሩ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን አቁመው፣ ማክሰኞ ሁሉም ወጥቶ ወንዙን እንዲያጸዳ አዘዙ። «ከእንግዲህ በቀሃ ጥንብ የጣለ፣ ቆዳ የዘፈዘፈ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» አሉ። አለቃው የረሱት ነገር ቢኖር፣ ያን ሰዓት ወንዙ ውስጥ የተዘፈዘፈው ቆዳ ራሳቸው ለደብሩ ዳዊት ያዘዙት መሆኑን ነው። ባሌ ቆዳውን የዚያኑ ቀን አውጥቶ ደጃችን ላይ ጣለው። ግዝት ነዋ፣ ማን ይደፍራል።

በማግስቱ አለቃው መጥተው፣ «ብራናዬ ምነው ዘገየ?» አሉት።

«አባቴ፣ ገዘቱት እኮ» አላቸው።

«የገዘትሁት ወንዙን ነው። ጉድጓድ ቆፍረህ ብትዘፈዝፍ ማን ከለከለህ» አሉት።

ለመቆፈርማ መሬት ያስፈልጋል። ጎጆውን ያከራየን ሰው እንቢ አለ፤ የራሳችን መሬት የለን። ባሌ ሥራውን ትቶ ቆላ ወርዶ፣ ዛሪማ ያለውን ወንድሙን እርሻ ሊያግዝ ቆረጠ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያንን ሁሉ ቁልቁለት በዚያ ሆዴ እንዴት እንደምወርደው እያሰብሁ እፈራ ነበር።

ማክሰኞ ግን ወጣን። «ፋቂዎቹ ቀሩ» እንዳይሉን ብዬ ባሌን የጎተትሁት እኔው ነኝ። ቄሱም፣ ሸማኔውም፣ ወታደሩም ዶማና ቅርጫት ይዞ ውኃ ገብቷል። ከቋጥኝ ሥር የበሰበሰ የበቅሎ ጥንብ ሲገኝ፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን አፍንጫው ላይ አድርጎ አፈገፈገ። ባሌ ግን ገባ። በገመድ አስሮ ጎትቶ አወጣው፤ ርቆም ቀበረው። እኔ ብግን ብዬ፣ «ለሚያባርርህ ሰው ነው እንዲህ የምትሆነው?» አልሁት።

«ውኃው ምን አደረገኝ» አለኝ።

እትዬ ከማዶ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ያዩት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አህያ ተውሰን ዕቃችንን ስንጭን፣ እትዬ ዶማ ተሸክመው ደጃችን ቆሙ። እኔን ሳያዩ፣ «ና ልጄ፣ ቦታ ላሳይህ» አሉት። ተከተልናቸው። ከጥምቀተ ባሕሩ በታች፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ የጌሾ ጓሮ ነበራቸው፤ ለጠላቸው የሚለቅሙት ከዚያ ነው። ግማሹን ጌሾ ነቅለውታል። የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሯል፤ መሐሉ ላይ እስከ ጉልበት የደረሰ ጉድጓድ አለ። ያን ሁሉ ብቻቸውን፣ በዚያ ዕድሜያቸው ነው የቆፈሩት።

«እትዬ፣ ጌሾዎን?» አልሁ።

ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው ያዩኝ። «አንቺ መንገድ ላይ ከምትወልጂ እኔ ጌሾ ብገዛ ይሻላል» አሉኝ።

እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ባሌ ዶማውን ከእጃቸው ተቀብሎ መቆፈር ጀመረ። ልጄ በሳምንቱ እዚያው ቤታችን ተወለደች፤ ያዋለዱኝም እሳቸው ናቸው።