የእናቴ የቆርቆሮ ቤት

«እንዴት ያለ ቤት ነበር ለእናትህ የሠራህላት!» ይሉኛል ዛሬም። ኤዲያ! ተዉኝ እስቲ፣ መስማቱም ደክሞኛል።

ሞላሌ ከተማ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን እናቴ የምትኖረው አባቴ በሠራው ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነው። መንዝ ውስጥ ጓሳ እንደ ልብ አይታጨድም፤ ዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ አገሩ በአንድነት ይወጣል። ቤት ሲከደን ታዲያ ጎረቤት ሁሉ ሸክም ሸክሙን ይዞ ይመጣል። ሣር ያመጣ ሰው በዚያ ቤት እንግዳ አይደለም፤ በሩን ገፋ አድርጎ ሰተት ይላል። እናቴ ብቻዋን ውላ አታውቅም ነበር።

እኔ ግን አፈርኩበት። የተማረ ልጅ እናት እንዴት ከበግ ጋር ታድራለች አልኩና አፍርሼ ባለ ሁለት ክፍል፣ ባለ አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤት አቆምኩላት። የማንንም ሸክም አልለመንኩም፤ ኩራቴም እሱ ነበር። ጎረቤቶች ጠላቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ጀመረ። «ምነው፣ ግቡ እንጂ!» ብትል እግራቸውን ጠርገው ይገቡና ጥግ ይዘው ቶሎ ይነሳሉ።

«ሰው ራቀኝ» አለችኝ።

«ይለምዱታል» አልኳት። የተማረ ሰው መልስ እንግዲህ ይኸው ነው።

አንድ የክረምት ቀን፣ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያሠራሁት ደፍ አደናቅፏት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ወዲያው በረዶ ወረደ። ልጃቸውን ክርስትና ያነሳችላቸው አበልጇ በደጅ ሲያልፉ ተጣሩ። እናቴ ጮኸች፤ በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማን ይስማት? በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ሴትዮዋ ሁለት ሦስቴ ተጣርተው፣ የለችም ብለው ሄዱ። አመሻሽ ላይ እኔ ስደርስ ድምጿ ተዘግቶ ነበር።

አበልጇ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ልጄ፣ የዱሮው ቤት ቢሆን መች እጣራ ነበር? ያንተን ቤት ግን ፈራሁት» አሉኝ።

እናቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው ወዳለበት ውሰደኝ።» በቃሬዛ ተሸክመን አበልጇ ቤት አስተኛናት። እዚያም ሰው ከአጠገቧ ሳይለይ ጥቂት ሳምንታት ቆየች። ቤት ሠራሁላት እያልኩ፣ የእናቴ ሬሳ ከሰው ቤት ወጣ።