የቡሬ ልጅ ናት አልኩ

ዝናብ ያረጠበው የአውራ በግ ጠረን ዛሬም ደባርቅ ገበያ መንገድ ላይ ድንገት ይመጣብኝና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያደርገኛል፤ ተከትሎትም የዚያን ጊዜው ቅናቴ ይመጣል።

ቤታችን ከዳባት ወጣ ብሎ ነበር። እኔና በሦስት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ የሺ አንዳንድ ወንድ ጠቦት ነበረን፤ የሷ ቀይ፣ የኔ ጥቁርና ነጭ ቡሬ። ክረምቱን ሙሉ እኔ ከገብሱ ማሳ አረም እየነቀልኩ፣ እሷ የእናታችንን አተላ እየደበቀች እናበላቸው ነበር፤ አባታችን አንዱን አውራ፣ ሌላውን ሙከት ሊያደርግ ነበርና። በቤታችን ደንብ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል የአውራው ባለቤት ድርሻ ነበረች።

መስከረም ላይ አባቴ ቀዩን ለአውራነት መረጠ። «ያንቺው ሥጋ ይይዛል፣ ለፋሲካ ይደርሳል» አለኝና፣ ቡሬን ጎረቤት አስይዞ ከፍሬው በላይ ያለውን ጅማት በእንጨት ቀጠቀጠው።

የሺ አጠገቤ ቆማ «አይዞሽ፣ ላቱን ላንቺ አስቀርልሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እሷን የሚያጎርሳት ሁሉ ከኔ የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን አንዴ ከተቀጠቀጠ አለቀለት ብሎ፣ እብጠቱ ጎደል ሲል ቡሬን ከሴቶቹ ጋር ለቀቀው።

የካቲት ላይ የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ተወለደች፣ ጥቁርና ነጭ ሆና። በሰፈሩ ሌላ ቡሬ አውራ አልነበረም።

«የቡሬ ልጅ ናት» አልኩ።

«የተቀጠቀጠ በግ ይወልዳል እንዴ? መልክ ከአያትም ይመጣል» አለች የሺ። አባቴም ሳቀና ለሷ ፈረደ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ለክትባት ስትመጣ የተቀጠቀጠ በግ ይወልድ እንደሆነ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠየቅኋት። ወደ አባቴ ዞራ «በስንት ቀኑ ለቀቁት?» አለች።

«ሳምንት ቢሆነው ነው።»

«እንግዲያማ ልጅቷ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። ዘሩ ፍሬው ውስጥ ሲፈጠር ገና መዋኘት አይችልም። ከጀርባው ባለው በተጠማዘዘ ቀጭን ቱቦ ብዙ ቀን ተጉዞ ነው የሚበስለው። ጅማቱ ሳይቀጠቀጥ በስሎ ወደ ላይ ያለፈው ደግሞ ጥቂት ሳምንት ሊያስረግዝ ይችላል። ሙከት ወዲያው ከሴት አይቀላቀልም፣ አባባ።»

አባቴ ራሱን አከከ። «በይ እንግዲህ፣ ግልገሏ ያንቺ ናት።»

የሺ ውሃ ልትቀዳ ወጣች፤ ጄሪካኑን ግን ትታው ነበር የሄደችው። ቅናት በሌላ ሰው ፊት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፣ እውነቴን ነው ደስ አለኝ።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ደባርቅ እማራለሁ። የባዮሎጂ መምህራችን ያንን ቱቦ ሰሌዳው ላይ ሲስሉ ክፍሉ በሙሉ አቀረቀረ፣ እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። የሺ ጎንደር ገብታ ትማራለች፤ ስትደውልልኝ ስለ ቤተ መጻሕፍታቸው ታወራኛለች፣ እኔም እቀናለሁ። ያኔ አባቴ እስኪመርጠኝ በረት ዳር ቆሜ እጠብቅ ነበር። አሁን ማንንም ሳልጠብቅ ይህን ጻፍኩ፣ ለሷም እልክላታለሁ። ታንብበውና እሷም ትንሽ ትቅና።