የእሷ ድርሻ መጻፍ ነበር

ምሳዬን ብቻዬን መብላት የጀመርሁት ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ነው። ሌሎቹ መምህራን ዕረፍት ሲደወል ጽሕፈት ቤቱ ጥላ ሥር ተሰብስበው ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ፤ አንዱ የሌላውን ወጥ ይቀምሳል፣ ይሳሳቃሉ። እኔ አጥሩ ጥግ ካለችው ዛፍ ሥር ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ» ይሉኝ ነበር። «እሽ፣ መጣሁ» እልና አልሄድም። ሰው ስንት ቀን ይለምናል? ተዉኝ። ሲተዉኝ ደግሞ ከፋኝ። እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ስንኖር ሥራ ተከፋፍለን ነበር። ከሰው ጋር መኖሩን እሷ ያዘችው። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የወለደች መጠየቁ ሁሉ የእሷ ነበር። እኔ ደመወዝ አመጣለሁ፣ መጽሐፍ አነባለሁ፣ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ጎረቤት ሲመጣ እጽፋለሁ፤ ያንንም ቢሆን ሰውየውን ተቀብላ የምታጫውተው እሷ ናት። ጥሩ ክፍፍል ይመስለኝ ነበር። እሷ ስትሄድ ግን ወረታ ውስጥ ያን ያህል ዘመን በኖርሁበት ሰፈር ከ«እንደምን ዋላችሁ» ቀጥሎ ምን እንደሚባል የማላውቅ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

የማስተምረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሩዝ ማሳው መሀል ባለ ትምህርት ቤት ነው። እስከ መገንጠያው በባጃጅ እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። መስከረም ላይ ሜዳው ገና ውሃ እንደያዘ ስለሆነ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው ክፍል የምገባው። ልጆቹ እግሬን እያዩ ይስቃሉ። ከቀኑ ውስጥ ደስ የምትለኝ ያች ሰዓት ነበረች።

ያን ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበር የያዝሁት። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው የደረሰን። አምስት ራስ አንድ ገጽ ላይ ሲደፋ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ልጅ ፊደሉን የሚያየው ተገልብጦ ነው፤ እንዲያውም አንዱ ተገልብጦ ማንበብ ለመደና መጽሐፉን አስተካክዬ ስሰጠው ግራ ተጋባ። መቼም ሌላ መጽሐፍ አይመጣም፤ ለምን ራሳቸው አይሠሩም ብዬ አሰብሁ። ነጭ ወረቀት ገዝቼ አጠፍሁ፣ ሰፋሁ፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ ሰጠሁ።

«እንደ ወንፈል ነው የምትሠሩት» አልኋቸው። ወንፈል ለዚህ አገር ልጅ አይብራራለትም። ዛሬ ሁሉም ወጥቶ የእኔን ሩዝ ያርማል፤ ነገ ሁሉም የአንተን፤ ዙሩ እስኪሞላ ማንም አይቀርም። ቃሉን ስላወቁት ደስ አላቸው። እኔም ደስ ብሎኝ ሥራውን ደለደልሁ። አንዱ ወሬውን ይናገራል፣ አንዱ ፊደሉን ከግድግዳው ገበታ ላይ እየፈለገ ያሳያል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ሥዕሉን ይሥላል፣ አንዱ ክፍሉ ፊት ወጥቶ ያነባል። ሁሉም ድርሻውን ከተወጣ መጽሐፉ ያምራል አልሁ። አማረም።

ከክፍሉ ሁሉ ረዘም የምትል አንዲት ልጅ ነበረች። ትምህርት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። መሀሉ ላይ እናቷ ስለሞተችባት ከተማረችበት ቀን የቀረችበት ይበዛል። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች አሏት፤ ጧት እነሱን አብልታ፣ ውሃ ቀድታ ነው የምትመጣው። መስከረም ላይ አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ ይዟት መጣና እሷ ባለችበት ነገረኝ።

«መምህር፣ እኔ ልጄ ብትማር አልጠላም። ቤቴ ግን ሰው የለውም። ሦስት ዓመት ተመላልሳ አንድ ወረቀት ካላነበበችልኝ ምን ላድርግ? ሩዙ ተወቅቶ እስኪገባ ትማር። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እፈትናታለሁ። ካላወቀች ቤት ትዋል።»

«እርሰዎ ማንበብ ይችላሉ?» አልሁት። ነገረኛ ጥያቄ ነበር።

«አልችልም። መፈተን ግን አያቅተኝም» አለኝ፤ ጋቢውን አስተካክሎ ሄደ።

ልጅቷን የመደብኋት መጻፍ ላይ ነው። የእጇ ጽሑፍ ለጉድ ነው። እርሳሷን ሳትጫን፣ የፊደሉን ወገብና የእግሩን መታጠፍ ሳታስቀር ታወጣዋለች። የእሷ ቡድን በጎርፍ መሀል ቆማ አልወጣም ስላለች ላም መጽሐፍ ሠራ። ከሁሉም የበለጠ እሱ ነበር። ሲባጎ ላይ ሰቀልሁት፤ ርእሰ መምህሩን ጠርቼ አሳየሁት። «ኅብረት ማለት ይኸ ነው» ብዬ ጎረርሁ። ያን ቀን ምሳዬን ጥጌ ላይ ስበላ እንኳ ብዙ አልከፋኝም ነበር።

ኅዳር ገባና ሩዙ በሰለ። ወፍ ለመጠበቅ ልጆች መቅረት ጀመሩ። አንድ ቀን የዚያ ቡድን አንባቢ ልጅ ቀረ። የላሟን መጽሐፍ ከሲባጎው አውርጄ ለዚያች ልጅ ሰጠኋትና «በይ ዛሬ አንቺ አንብቢልን» አልኋት። መጽሐፉን ያዘች። የራሷን ጽሑፍ አየችው። እኔም አፍራ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ይኸ የኔ ድርሻ አይደለም» አለች። «የኔ መጻፍ ነው። ማንበብ የሱ ነው።»

«የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሷ ገበታው ላይ ታሳየኛለች» አለች አጠገቧ ወዳለችው ትንሽ ልጅ እየጠቆመች፤ «እኔ እሱን እያየሁ እሥላለሁ።»

አሥራ ሁለት መስመር ጽፋ አንዱንም አታውቀውም። ሁለት ወር ሙሉ ሳደንቀው የኖርሁት የእጅ ጽሑፍ ለእሷ የሐረግ ሥዕል ነበር። የአባቷ ቀን ደግሞ ደርሷል፤ አጨዳው ተጀምሯል።

ተናደድሁ። መናደድ የነበረብኝ በራሴ ነው፤ የጮህሁት ግን በልጆቹ ላይ ነው። «እናንተ እያወቃችሁ ዝም አላችሁ?» ብዬ የቡድኗን ልጆች ገሠጽኋቸው። ከዚያ ቡድኑን በሙሉ በተንሁ። እሷን ከፊት ዴስክ ላይ ለብቻዋ አስቀመጥኋትና ከትምህርት በኋላ እኔው ራሴ ላስተምራት ጀመርሁ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ብቻዋን ስትቀመጥ ትከሻዋ ይታጠፋል፤ ድምጿ ከአፏ አይወጣም። ስጠይቃት ፊደሉን ትታ ፊቴን ነው የምታነበው፤ ልክ መሆኗን ከዓይኔ ለማወቅ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንን። እሷ ከፊት ዴስክ ብቻዋን፣ እኔ ከዛፉ ሥር ብቻዬን። እያስተማርኋት ያለሁት ብቸኝነትን መሆኑ አንድ ሁለቴ ታይቶኛል፤ ግን ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ምሳዬን ልከፍት ስል አራቱ የቡድኗ ልጆች መጥተው ፊቴ ተደረደሩ። ተናጋሪዋ ያች ፊደል እየፈለገች የምታሳየው ትንሿ ልጅ ናት፤ ምላሷ አያርፍም።

«ጋሼ፣ አይቆጡንም?»

«ተናገሪ።»

«ወንፈሏን አልመለስንላትም። እሷ ለሁላችን ጻፈችልን። እኛ ለሷ አላነበብንላትም።»

«ለእሷ ብታነቡላት ምን ይጠቅማታል? ራሷ ማንበብ ነው ያለባት።»

«እኮ» አለች፤ እንደማይገባው ሰው አየችኝ። «አባቴ ወንፈል ሲወጣ ሁሉም ነው የሚያርም። አንዱ አራሚ፣ አንዱ ተመልካች ብሎ ነገር የለም። በሷ ማሳ ላይ ሁላችንም ገብተን እናርማለን፤ እሷም አብራን ታርማለች። እርሰዎ ሲከፋፍሉን ነው የተበላሸው።»

ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሜዳ ስመላለስ ሰዎች ተደርድረው ጎንበስ ብለው ሲያርሙ ከመንገድ ላይ አይቻለሁ፤ ማሳ ገብቼ ግን አላውቅም። ከሩቅ ሳየው ሥራ የተከፋፈሉ መስሎኝ ነበር። የተከፋፈሉት ቀኑን እንጂ ሥራውን አልነበረም። ይህን ከስምንት ዓመት ልጅ ተማርሁና ማፈሬን ለመደበቅ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እሽ፣ እናንተው እንዳላችሁት ይሁን» አልኋቸው።

ከዚያ በኋላ በየተራ አንዱ ልጅ ባለማሳ ሆነ። መጽሐፉ የዚያ ልጅ ነው፤ አምስቱም አንድ አንድ መስመር ይናገራሉ፣ አምስቱም ይጽፋሉ፣ አምስቱም ያነባሉ። የመጀመሪያው ተራ ለረዥሟ ልጅ ተሰጠ፤ እኔ አልወሰንሁም፣ እነሱ ናቸው። የመረጠችው ወሬ ስለ ወንድሞቿ ነበር፤ ፊታቸውን መታጠብ ስለማይወዱ ከውሃ ሲሸሹ። እየሳቁ ጻፉት። «ሸሸ» የሚለውን ቃል ስትጽፍ ትንሿ ልጅ ገበታውን ልታሳያት እጇን አነሣች፤ እሷ ግን ሳታይ ጻፈችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ሆን ብዬ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ከትምህርት በኋላም አልተለያዩም። ወደ ቤት ሲሄዱ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ ያነባሉ፤ የማዳበሪያ ጆንያ፣ የባጃጅ መስታወት፣ የቆርቆሮ ላይ ማስታወቂያ። ተያይዘው ሲርቁ ድምጻቸው ከማሳው ማዶ ይሰማኛል። እኔ ጠመኔዬን ሰብስቤ፣ ክፍሉን ቆልፌ በሌላኛው መንገድ እሄዳለሁ። ቀናሁባቸው፤ ለምን እዋሻለሁ።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ዓርብ ልጅቷ ዴስኬ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ሩዛችን ገባ። አባየ ነገ ጧት ይፈትነኛል። ይመጣሉ?»

«እሽ» አልኋት። እሽ ማለት ለኔ አልመጣም ማለት ነው፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። እሷ ግን አታውቀኝም፤ አምናኝ ሄደች።

ቅዳሜ ጧት ሄድሁ። አጥሩ በር ላይ ስደርስ እንዴት ብዬ እንደምጣራ ጠፋኝና ቆሜ ቀረሁ። ውሻው ጮኸና አዳነኝ። አባትየው ወጥቶ «ይግቡ መምህር፣ ይግቡ» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። አራቱ ልጆች ከኔ ቀድመው ደርሰው ገለባው ክምር ሥር ተቀምጠዋል። ማንም የጠራቸው አይመስለኝም።

አባትየው ከቤት ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ነበር። «ይኸን ብዙ ሰው አንብቦልኛል» አለኝ። «ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቀዋለሁ። ብትሳሳት ይገባኛል።» ያኔ መስከረም ላይ በጠየቅሁት ጥያቄ አፈርሁ።

ልጅቷ ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ጓደኞቿ ተነሥተው ዙሪያዋን ከበቡ፤ ያ ተገልብጦ የሚያነበው ልጅ እንደ ልማዱ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። አባትየው አልከለከላቸውም። «አፋችሁን ግን ያዙ» አላቸው።

ማንበብ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ከዚያ ቃሉን ጠቅልላ። የወረዳውን፣ የቀበሌውን። የአባቷን ስም ከነአያቷ አነበበች። አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ከስሙ ሥር ያለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈችና ቆመች።

ጠበቅን። ጣቷ ከመስመሩ አልተነሣም። አለቀ፣ እዚህ ላይ ቀረች አልሁ በልቤ። ፊት ለፊቷ ያለው ልጅ አንገቱን አስግጎ መስመሩን አየ፤ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ገጠመውና መሬት መሬት አየ።

አባትየው ዓይኑን ገለጠ። «ምነው? እሱን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ በያ።»

አላለችም። ደብተሩን ወደ አባቷ አዙራ ጣቷን ቃሉ ላይ እንዳደረገች አቀረበችለት። «እዚህ ላይ ናት» አለች።

አባትየው ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ጣት አየ። ያን ደብተር ስንት ዓመት ሲይዝ፣ የትኛዋ ጭረት ሚስቱ እንደሆነች ያሳየው ሰው አልነበረም። ከዚያ ስሟን ጠራ፤ ከነአባቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷም ከሱ ቀጥላ አነበበችው። ልጆቹ ንቅንቅ አላሉም።

«ቀጥይ» አላት። በምሥራቅ የሚያዋስነውን፣ በምዕራብ የሚያዋስነውን እስከ መጨረሻው አነበበች። ደብተሩን ተቀብሎ በላስቲኩ ጠቀለለውና «ሰኞ ትመጣለች» አለኝ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ።

ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም አሉኝ፤ ሥራ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ምንም ሥራ አልነበረብኝም። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ «እሷ» ነው የምለው። ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ልጠራት ሞከርሁ። ባዶ ቤት ውስጥ ለማን ይባላል? አልወጣ አለኝ።

ተመልሼ ወጣሁ። ጎረቤታችን ያሉት ሴትዮ ደጃፋቸው ላይ የሩዝ ገለፈት ያራግፋሉ። ከቀብሩ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርተን አናውቅም። አጠገባቸው ሄጄ ቆምሁ። ምን ሆነ ብለው ሰፌዱን አስቀመጡት። ስሟን ነገርኋቸው፤ ሌላ ምንም አልጨመርሁም፣ ስሟን ብቻ።

«እኔን» አሉ ሴትዮዋ፤ ሰፌዱን ወዲያ ገፋ አደረጉና የሚቀመጡበትን መደብ አጋሩኝ።