አራት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ

ያን ጊዜ በግልጽ የሚከፈተው የሬዲዮ ጣቢያ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው አንድ ቃል አያመልጠውም ነበር። ጸጉር አስተካካዩ ቤት የተጀመረው ወሬ ጫማ ጠጋኙ ጋ ይቀጥልና ቡና ቤቱ በር ላይ ያልቃል። አሁን ሳስበው ሕልም ይመስለኛል፤ መንገዱ ራሱ ያወራል፣ እኔ ደግሞ ጥላዬን ይዤ በወሬው ውስጥ እሄዳለሁ። ክረምቱን የማስታውሰው ሁሉ እንዲህ ጭጋግ ለብሶ ነው።

ሥራዬ ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ መትከልና መዘምዘም ነበር። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ባለቤቴ በሕመም ከሞተ በኋላ የቀረኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። በዚያ ክረምት አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላዋል። አሥራ ስምንት የሞላውን ደግሞ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ይመለምላል፣ ጦርነቱም ሰሜን ላይ አልበረደም። ሰው በዋዛ እንኳ «ታኅሣሥ» ሲል ወሬ እለውጥ ነበር። ልጁ ግን ምንም አይመስለው፤ ቁመቱ በሩን ስለነካ ብቻ ትልቅ ሰው የሆነ መስሎታል።

በዚያው ክረምት አዲስ ሕገ መንግሥት ተረቅቋልና ሕዝቡ በየቀበሌው ይወያይበት ተባለ። ውይይታችንን ለመቅረጽ ከሬዲዮ እንደሚመጡ ተነገረን። የቀበሌው ካድሬ ጥቂት ሰዎችን ከስብሰባ በኋላ አስቀረን። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ደጄ ላይ ኳስ ሲያንከባልል አውቀዋለሁ። ካኪ ከለበሰ ወዲህ ግን አንተ ልበለው እርስዎ እየጨነቀኝ፣ ሁለቱም የማይገቡበትን አነጋገር እየመረጥሁ ነበር የማናግረው። እሱ እንደ ድሮው እትዬ ይለኛል።

«አራት ሰው ይደግፋል፣ አንድ ሰው ይቃወማል» አለን።

«መቃወም ይቻላል እንዴ?» አለች ጎረቤቴ ቅቤ ነጋዴዋ።

«ሁሉም ደገፈ ብለን ብናሰማ ማን ያምነናል? ሚዛን ያስፈልጋል። መመሪያው ከላይ ነው የመጣው።»

«ተቃውሞውስ ከየት ነው?»

«እሱም ከላይ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «የሚቃወሙት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ምንም ስላላደረጉ እኮ ነው። ድምፅዎ ለስላሳ ነው፣ ማንንም አያስቆጣም።»

ቅቤ ነጋዴዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እሷ? ባሏን እንኳ አንድ ቀን ተቃውማ አታውቅም! ለእኔ ስጡኝና ልቃወምላችሁ።»

«አንቺማ ከጀመርሽ ማን ያቆምሻል?» አላት ካድሬው፣ እሱም እየሳቀ።

የምለውን እየደጋገመ በቃሌ አስያዘኝ። «ረቂቁን በደስታ ነው ያየሁት። ነገር ግን ለመምረጥ አሥራ ስምንት ዓመት መባሉን አልደግፍም። ብዙ ነው። ወጣቶቻችን ነቅተዋል፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሙሉ ሰው ናቸው።» ተቃውሞ ነው እንዳይባል ከድጋፉም የባሰ ድጋፍ ነው። አይደለም እንዳይባል «አልደግፍም» የሚል ቃል አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ማን እንደሚያስበው እንጃ።

ቁልፍ ስተክል በልቤ እለዋለሁ፤ ክሩ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቃሉም ይገባል፣ ይወጣል። «ሙሉ ሰው ናቸው» የሚለው ላይ ስደርስ መርፌው ይወጋኛል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ለመምረጥ ሙሉ ሰው ከሆነ ጠመንጃ ለመሸከምስ ምን ጎደለው? በገዛ አፌ፣ በመንግሥት ሬዲዮ፣ ልጄ ደርሷል ብዬ ላስረክበው ነው? ካልሁ ደግሞ ቃሌ ቴፕ ላይ ይቀራል። እንቢ እንዳልል፣ ምልመላውም በዚያው በቀበሌ እጅ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። ሽሮዬን ሳማስል እንኳ ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ስለነበር ልጄ «እማዬ፣ ዳዊት መድገም ጀመርሽ?» ይለኝ ነበር።

የቀረጻው ቀን ዝናብ ሆነ። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ላይ ሲወርድበት የጎረቤትን ድምፅ እንኳ አያሰማም። ጋዜጠኛው፣ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው፣ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማይክራፎኑን ወደ ጣሪያው አነሣና ራሱን ነቀነቀ። እስኪያባራ እንጠብቅ ተባለ።

እዚያ አግዳሚ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። የእርጥብ ጋቢ ሽታና የሰው ትንፋሽ ሲሞቀኝ ዓይኔ ተከደነ። አልተኛሁም፣ ግን አዳራሹ ራቀኝ። ልጄን ጡት ሳስጥል አየሁት። ዶሮ ፈርቶ ቀሚሴ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ደግሞ አሁን ባለው ቁመቱ ከሩቅ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ዝናቡ በእኔና በእሱ መካከል እንደ መጋረጃ እየወረደ፣ እጁን ሲያውለበልብልኝ አየሁት። ልጠራው አፌን ስከፍት የሚወጣው ያ ያስጠኑኝ ቃል ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው።

ድንገት ጸጥ አለ። ዝናቡ ቆሞ ነበር።

አራቱ ደጋፊዎች ተነሥተው እንዳጠኑት ተናገሩ። ቅቤ ነጋዴዋ ከእነሱ አንዷ ነበረች፤ «እደግፋለሁ» ያለችው ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትጠራ ጮኻ ነው። ከዚያ ማይክራፎኑ ወደ እኔ መጣ።

«ረቂቁን በደስታ ነው ያየሁት» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። «ነገር ግን አሥራ ስምንት ዓመት መባሉን አልደግፍም።»

ካድሬው ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ይቀጥሉ ማለቱ ነው።

«ትንሽ ነው» አልሁ።

መነቅነቁን አቆመ።

«የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ጫማውን የት እንዳወለቀ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ቤቱን አገላብጬ የምፈልግለት እኔ ነኝ። ሃያ ይሁን። ከሃያም ይለፍ። ልጅ ነው፣ ገና ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ከኋላ በኩል፣ እናቶቹ ከተቀመጡበት፣ ቀስ እያለ ሞተ። ገብቷቸዋል። አንዷ «እውነቷን ነው» ስትል ሰማሁ።

ጋዜጠኛው ጎንበስ ብሎ «ስለ መምረጥ ነው አይደል የሚናገሩት፣ እናቴ?» አለኝ።

«ስለ ልጅ ነው» አልሁት።

ካድሬው ጥቂት ቆየና አጨበጨበ። ከተቃውሞው በኋላ ይጨብጨብ ስለተባለ ይሁን፣ ሌላ ማድረግ ጠፍቶት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ቤቴ እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ምን አደረግሁ? ዓይን ሁሉ ልጁ ላይ እንዲያርፍ በገዛ አፌ አመለከትሁ?

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር እደነግጥ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰፊው ክር ግዢ ብሎ ላከኝ። ቁልቁል ስወርድ የቀበሌዎች ውይይት ብሎ ተጀመረ። ጸጉር አስተካካዩ ቤት የቅቤ ነጋዴዋን ጩኸት ሰማሁ። ቀጥሎ፣ ጫማ ጠጋኙ ጋ፣ የእኔ ድምፅ መጣ። «ረቂቁን በደስታ ነው ያየሁት።» ቆምሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሮጥሁ፣ ቀሪው ከቀጣዩ ደጃፍ የሚጠብቀኝ ይመስል። ከቀጣዩ ደጃፍ የወጣው ግን የማላውቀው ወንድ ድምፅ ነው። ከሌላ ቀበሌ ነው አሉት። «ለመምረጥ አሥራ ስምንት ዓመት ብዙ ነው፤ ወደ አሥራ ስድስት ይውረድ» ይላል። እኔን ከደጋፊዎቹ ጋር አስቀምጠው ተቃዋሚ ከሌላ ቦታ አምጥተዋል። ሚዛኑ አልተጓደለም።

ድልድዩ ላይ ደርሼ ከሚጋፋው ሰው ወጣ ብዬ ቆምሁ። ከታች ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰውነቴ እንደ ላባ ቀለለኝ፤ ማንም አልሰማም፣ ልጄን ማንም አላየውም። ቀጥሎ ግን ብርድ ገባኝ። ያን ሁሉ ፈርቼ የተናገርሁት ቃል አንዲት ቀን እንኳ አይጨምርለትም። ታኅሣሥ እንደሆነ በቃል አይመለስም። ክሩን ሳልገዛ ተመለስሁ።

ማታ ልጄ ኩርፍ ብሎ ገባ። «እማዬ፣ ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምን ሆንህ?»

«ሲኒማ ቤቱ ጋ የሚቆሙት ልጆች ሁሉ ‹ጫማህን አገኘኸው?› ይሉኛል። አንዱማ ‹አራዳው፣ ሃያ ሲሞላህ ጫማ ማሰር እናስተምርሃለን› አለኝ!»

ሬዲዮው የቆረጠውን ሰፈሩ በአፉ ይዞት ዞሯል። ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ። እሱም አኩርፎ መቆየት አይችልበትምና ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ወልቂጤ ማዶ ወንድሜ ዘንድ ሂድ ያልሁት። ትምህርቴስ፣ ጓደኞቼስ አለ። «ታኅሣሥን እዚያ ዋል» አልሁት፤ ሌላ አልጨመርሁም። አየኝና እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።

ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ካድሬው ፊት ቆምሁ።

«አያቱ ታመው ነው» አልሁ። አያቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ለቅሶው ላይ ራሱ ካድሬው ድንኳን ተክሏል።

ብዕሩን አነሣ። «ዕድሜ?»

«አሥራ ሰባት።»

«አሥራ ስድስት» አለ፣ እየጻፈ። ከዚያ ማኅተሙን አሳረፈበት። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። «ቶሎ ይሂድ፣ እትዬ። በዚህ ሳምንት ይሂድ።»

«እግዜር ይስጥህ» አልሁት። አንተ ማለቴን ያወቅሁት በር ከወጣሁ በኋላ ነው።

ልጄ መንግሥት እስኪለወጥ እዚያው ቆየ። ገጠሩም ከምልመላ አላመለጠም፤ ወንድሜ አንድ ቤት ሁለት ሌሊት ሳያሳድር አሸሽቶ ነው ያተረፈልኝ። ዛሬ የልጆች አባት ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ያውቃል? አውቶቡስ ተራ በማለዳው ጉም ውስጥ ቆሜ በመስኮቱ አየዋለሁ። ረዳቱ ይጮኻል፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ይታሰራል፣ ሴቶች ይመራረቃሉ። የምነግረው ብዙ ነበር፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ወንዙ፣ ከማን ጋር ማውራት እንደሌለበት። መስታወቱን አንኳኳሁ። አልሰማኝም። አውቶቡሱ ገና ሳይነሣ፣ ራሱን የማያውቃቸው ሽማግሌ ትከሻ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።